ከሙሄ በላይ

የሙጋዱን ቦታ ልንካፈል ተካስሰን፣
ፍርድ ቤቱ «የዘር ሐረግ አምጡ» ብሎ መለሰን።
እኔ ነኝ ጸሐፊዋ፤ ደብተር የገዛሁት፣
እስክሪብቶ ይዤ ከአክስቴ ከጦይባ ፊት የተቀመጥሁት።

«አባቴ ይማም ነው፣ የይማም አበጋዝ፣
የአበጋዝ ሙሄ…» ቆጠረች ሳትፈዝ።
ከሙሄ ላይ ስትደርስ
መቁጠሪያዋ ቆመ፣ አንዲት ፍሬ ሳይመለስ።

«የሙሄስ አባቱ?» «ይመር ጎበዜ ነው፤ ጻፊው።»
«እናቱስ?» «እናት አይቆጠርም፤ እለፊው።»

ዝም አልሁ። ከጦሳ የወረደ ጉም
መስኮቱን ሸፍኖ ቤቱን ሲያጨልም፣
ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ወደ እኔ ተጠግታ፣
ሰባ ዓመት የዋጠችውን ጀመረች፣ ድምጿን ገትታ።

«ከወዲያ ነው የመጣች።» ወዲያ ማለት የት?
«ከደቡብ ይሉ ነበር፤ ከወንዞች ማዶ፣ ከብዙ ቀን መንገድ፣ ከብዙ ሌሊት።»
ነጋዴ ነድቷቸው ወደ ባቲ ሲወርድ፣
ቦርከና ዳር ወባው ጣላት፤ አቃታት መራመድ።
ዘጠኝ ዓመት ይሆናት ነበር፣ ወይ አሥር፤
ዕድሜዋን የሚያውቅ የለ፣ አብራት ከምትታሰር
ከአንዲት ሴት በቀር። እሷም ቀጠለች፣ ቁልቁል፣ ወደ ባሕሩ፤
ስሟ እንኳ አልቀረልን።

ይመር ከቃሉ ገበያ ሲመለስ አገኛቸው።
ነጋዴው «ሳትሞትብኝ» አለ፤
በስምንት አሞሌ ሸጠለት፣
ሁለቱ ጫፋቸው የተሸረፈ።
ስምም አወጣላት፣ እንደ ከፈለው ሒሳብ፦
ዋጋዬ።

የሙሄ እናት እሷ ናት። ኒካ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣
ይመር ፈለገ፤ ሆነ። ሌላ የሚባል ምን አለ?
ሚስቱ ሰዓዳ ልጁን ተቀብላ «የኔ ነው» አለች፣
ዋጋዬም የወለደችውን «ጌታዬ» እያለች አጠበች፣ አዘለች።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ከብቱ እንደ ቅጠል ረገፈ፣
ጎተራው ተጠረገ፤ አይጥ እንኳ ጥሎት አለፈ።
ሰው ሰውን ሲፈራ፣ ጅብ በቀን መዞር ሲያበዛ፣
ዋጋዬ ጓሮ ገባች፣ ዶማውን ይዛ።
ኮባ! እኛ ዳቦ መጠቅለያ ብቻ የምንለው፣
ቅጠሉን ቆርጦ፣ ሥሩን ሰው የማይጠጋው።
ቆፈረች፣ ፋቀች፣ ጨመቀች፤ በቅጠል ሸፍና ቀበረች፣
ድንጋይ ጫነችበት፤ «ታገሡ» አለች።
ሰዓዳ «መርዝ ነው» ብላ ጮኸች። ይመር ዱላ አነሣ።
በስንት ቀኑ አወጣች፤ ሸተተ፤ ጋገረች። «ዋሳ»
አለቻቸው፣ በማያውቁት አፍ። መጀመሪያ ራሷ በላች።
እስኪነጋ ጠበቋት።
ነጋ። አልሞተች።

ከዚያ ሰዓዳ በላች። ልጆቿ በሉ።
ይመር ዱላውን ከግድግዳ አስደግፎ በላ።
መንደሩ አርባ ጭስ ነበር፤ ዝናብ ሲመለስ ሰባት ቀረ።
ዛሬ ቦታ የሚካሰሰው ሁሉ
ከሰባቱ ካንዱ ጭስ ተፈጠረ።

«ዋሳ»ን አውቃታለሁ። የቤታችን ቃል ናት፣
ደሞዝ ሲዘገይ፣ ሌማት ሲራቆት እናቴ የምትላት፦
«አይዟችሁ፣ ዋሳም ቢሆን አናጣም!»
ትርጉሟን ስጠይቅ ግን የሚመልስ አልመጣም።

አምና ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው በር፣
በምሳ ሰዓት፣ ከዛፍ ሥር፣
ከጎኔ ስፌት የምትሠራ የሆሳዕና ልጅ፣ ፌስታሏን ፈትታ፣
እንደ ዘበት «እንብላ» አለችኝ፣ እናቷ የላከችላትን ዘርግታ፤
«ዋሳ ነው።»
ደነገጥሁ። ያ ቃል የኛ አልነበረም? የእናቴ?
ምንም አላልኋትም። ጎረስሁ። ጎምዘዝ አለኝ፤ ወረደ እስከ አንጀቴ።

ትናንት ደብተሩን ለፍርድ ቤት ሳስረክብ፣
ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ፣ ሲያነብ ሲያነብ፦
«ዋጋዬ… የማን ልጅ? የአባት ስም ጎድሏል፤
እንዲህ ሆኖ ካስገባሁት ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል።
ልሰርዛት?»
ብዕሩን አነሣ።

ጦይባ፣ «እናት አይቆጠርም» ያለችኝ ጦይባ፣
ከኋላዬ ወለሉን በከዘራዋ መታች፦
«ንካትና!»